ከቢላዋው በፊት፦ እንስሳን ለቀዶ ሕክምና ስለማዘጋጀት

በደብረ ታቦር ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት ውሻቸውን ለማኮላሸት ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ይዘዋል እንበል። ሐኪሙ «ጋሼ፣ ከዛሬ ማታ በኋላ ምንም ዓይነት ምግብ እንዳይሰጡት» ሲል አደራ ብሏቸዋል። ጠዋት ግን ውሻው ጭራውን እየቆላ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ አንጀታቸው አልችል አለ። «መከራ የሚቀበል ፍጡር እንዴት ባዶ ሆዱን ይሄዳል?» ብለው ከቁርሳቸው ግማሹን አበሉት። ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሙ «በልቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ አፍረው «የለም ዶክተር፣ ምንም አልቀመሰም» አሉ።

ታሪኩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። ይሁን እንጂ በየትኛውም የእንስሳት ክሊኒክ ሊደርስ የሚችል ነው። የእኒህ አባት ደግነት ውሻቸውን ሊገድልባቸው እንደሚችል ለመረዳት፣ በማደንዘዣ ጊዜ በእንስሳው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ አንድ እንስሳ ቢላዋው ቆዳውን ከመንካቱ በፊት የሚያልፍባቸውን የዝግጅት ደረጃዎች፣ የእያንዳንዱንም ሳይንሳዊ ምክንያት እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንንም ከደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ እንወስዳለን።

ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በአገራችን የእንስሳት ሐኪሞችን በዲግሪ ደረጃ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ሐኪሞችን ያወጣሉ። እነዚህ ሐኪሞች በደጋው አገር ቢላዋ እንዲያነሡ ከሚያደርጓቸው ምክንያቶች መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

የመጀመሪያው ውሻንና ድመትን ማኮላሸት ወይም እንዳይወልዱ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በከተማ ዳር የሚሰማሩ ከብቶች የሚውጧቸውን ላስቲክ፣ ገመድና ሽቦ ከጨጓራ ውስጥ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ልጇ አልወጣ ያላትን ላም ወይም በግ መገላገል ነው። አራተኛው ደግሞ አርሶ አደሩ «አዙሪት» በሚለው በሽታ የተያዘን በግ የራስ ቅል ከፍቶ በአንጎሉ ላይ ያደገውን ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማውጣት ነው። የሥራዎቹ ዓይነት ይለያይ እንጂ ዝግጅታቸው የሚመራው በተመሳሳይ መሠረተ ሐሳብ ነው።

አንደኛ፦ ምርመራ

ማደንዘዣ የልብን፣ የሳንባን፣ የጉበትንና የኩላሊትን ሥራ የሚፈታተን መድኃኒት ነው። ጤናማ እንስሳ ይህን ፈተና ያልፈዋል፤ ድብቅ ሕመም ያለበት ግን ላያልፈው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ በቅድሚያ የእንስሳውን ሙቀት፣ የልብ ምትና አተነፋፈስ ይለካል። ለማነጻጸር ያህል፣ የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ የጤናማ በግ ደግሞ ከ38.5 እስከ 39.9 ዲግሪ ነው። ለሰው ትኩሳት የሚባለው 38.8 ዲግሪ ለውሻም ሆነ ለበግ የጤና ምልክት መሆኑን ልብ ይሏል። የድድ ቀለምም ይታያል፤ ሮዝ ቀለም የደም ዝውውር ጥሩ መሆኑን ሲያመለክት፣ የነጣ ድድ የደም ማነስን ይጠቁማል። በጥገኛ ትላትል የተጎዳ በግ ብዙውን ጊዜ ደም ያንሰዋል። እንዲህ ያለው በግ ቀዶ ሕክምናው አጣዳፊ ካልሆነ በቅድሚያ ታክሞ ማገገም አለበት።

ከዚህ ጋር ፈጽሞ ሊዘነጋ የማይገባ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለሃጯን የምታዝረበርብና መዋጥ ያቃታት ላም ስትታይ፣ «ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ» ተብሎ እጅን ወደ አፏ መስደድ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ምልክት የእብድ ውሻ በሽታም መገለጫ ነው። የበሽታው ቫይረስ በለሃጭ ውስጥ ስለሚገኝ፣ በእጅ ላይ ያለች ጥቂት ጭረት እንኳ መግቢያ በር ትሆነዋለች። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም አይምርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ጓንትና ስለ ቢላዋ ከማሰቡ በፊት «ይህች ላም በቅርብ ወራት በውሻ ተነክሳ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ባለቤቱም እውነቱን መናገር ይኖርበታል።

ሁለተኛ፦ ጾም

በጎንደር አገር ስለ ጾም ለማስተማር መነሣት ለቀባሪ እንደማርዳት ሊቆጠር ይችላል። ዳሩ ግን የቀዶ ሕክምና ጾም ምክንያቱ ሌላ ነው።

ምግብና አየር በጉሮሮ በኩል በተቀራረቡ ሁለት መንገዶች ያልፋሉ። ምግብ ስንውጥ የአየር ቧንቧችን በክዳኑ ይዘጋል። ስህተት ከተፈጠረም ወዲያው ያስለናል። ይህን ሁሉ የሚያዘው የነርቭ ሥርዓት ነው። እንስሳው በማደንዘዣ ሲተኛ ግን ዘበኛው አብሮ ይተኛል። በጨጓራ ውስጥ ያለ ምግብ ወደ ላይ ቢመለስ የሚከለክለው ስለማይኖር ወደ ሳንባ ይወርዳል። የጨጓራ አሲድ የሳንባን ስስ ሕብረ ሕዋስ ያቃጥላል፤ ደረቁ ምግብ ደግሞ የአየር መንገዱን ይደፍናል።

ይህን አደጋ በሚገባ ካብራሩት ሰዎች አንዱ ከርቲስ ሜንደልሰን የተባሉ የኒውዮርክ የማኅፀን ሐኪም ናቸው። እኒህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተሙት ጥናት፣ በወሊድ ጊዜ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው የጨጓራቸው ይዘት ወደ ሳንባ የገባባቸውን 66 እናቶች ታሪክ መረመሩ። አሲድ በሳንባ ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት በጥንቸሎች ላይ ፈትነው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ «ከማደንዘዣ በፊት ምግብ የለም» የሚለው ሕግ በሰውም ሆነ በእንስሳት ሕክምና ጸንቶ ኖሯል።

ለመሆኑ ጾሙ ስንት ሰዓት ነው? መልሱ እንደ እንስሳው ይለያያል። ለአደገ ውሻና ድመት ቀደም ባለው ጊዜ 12 ሰዓት ይታዘዝ ነበር። የቅርብ ዓመታት መመሪያዎች ግን ለጤናማ እንስሳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚሆን ጾም በቂ መሆኑን ያመለክታሉ። ጾሙ ሲረዝም የአሲዱ ወደ ላይ መመለስ ሊብስ እንደሚችል ታውቋል። ውሃ እስከ ማለዳው መርፌ ድረስ አይከለከልም። ዕድሜያቸው ከ8 ሳምንት በታች የሆኑ ቡችሎች በሰውነታቸው ያከማቹት ስኳር አነስተኛ ስለሆነ፣ ከ1 ወይም ከ2 ሰዓት በላይ ቢጾሙ በራሱ በጾሙ ምክንያት ሊዝለፈለፉ ይችላሉ።

የሚያመሰኩ እንስሳት ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። የላም ትልቁ ጨጓራ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዝ የመፍላት ጋን ነው። በውስጡ ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ሣሩን ሲያፈሉ በየሰዓቱ ብዙ ሊትር ጋዝ ይፈጠራል፤ ላሟም በማግሳት ታስወጣዋለች። ይህ ጋን በአንድ ሌሊት ጾም ባዶ አይሆንም። አንድ ሳምንት ብትጾምም ፈርስ አይታጣበትም። እንግዲያውስ ላም ለምን ትጾማለች? ዓላማው ፈርሱን መቀነስና መፍላቱን ማቀዝቀዝ ነው። ላሟ በጎኗ ስትተኛ ማግሳት ስለማትችል ጋዙ ይጠራቀማል፤ ጨጓራው ተነፍቶ ድያፍራምን ይገፋል፤ ሳንባም መተንፈሻ ቦታ ያጣል። ስለሆነም ለአደጉ ከብቶች ከ18 እስከ 24 ሰዓት ከመኖ፣ 12 ሰዓት ያህል ደግሞ ከውሃ መከልከል የተለመደ ነው። ለበግና ለፍየል ጾሙ ያጥራል።

በዚህም ምክንያት ሐኪሞች የላምን ጨጓራ ሲከፍቱ፣ ከተቻለ፣ ላሟን አያስተኟትም። በማሰሪያ ውስጥ ቆማ፣ የግራ ሽንጧ ብቻ በመርፌ ደንዝዞ ይሠራላታል። ግራ ጎን የሚመረጠው ትልቁ ጨጓራ የሚገኘው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። የቆመች ላም ታገሳለች፤ ለሃጯም ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ መሬት ይፈስሳል። አንዲት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ልታመነጭ እንደምትችል ስናስብ ጥቅሙ ግልጽ ይሆንልናል።

ሦስተኛ፦ መመዘንና ማስላት

«ትንሽ መርፌ ጨምርበት፣ ጠንካራ ነው» የሚል ንግግር በክሊኒክ ደጃፍ ሊሰማ ይችላል። በማደንዘዣ ሕክምና ግን ግምት ቦታ የለውም። አንድ ምሳሌ እንሥራ።

በአካባቢው ስም የሚጠራው የፋርጣ በግ 25 ኪሎ ግራም ይመዝን እንበል። ቁስሉን ለመስፋት ሊዶኬይን በተባለ ማደንዘዣ ቦታውን ማደንዘዝ ያስፈልጋል። በጎችና ፍየሎች ለዚህ መድኃኒት ስሱ ስለሆኑ፣ መጠኑ በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። ስለዚህ፦

ከፍተኛው መጠን = 25 × 5 = 125 ሚሊ ግራም

በጠርሙሱ ላይ «2%» የሚል ተጽፏል። ይህም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ግራም፣ በ1 ሚሊ ሊትር ደግሞ 20 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። ስለዚህ፦

የሚሰጠው ፈሳሽ = 125 ÷ 20 = 6.25 ሚሊ ሊትር

ሐኪሙ በጉን ሳይመዝን «40 ኪሎ ይሆናል» ብሎ ቢገምት 10 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ለ25 ኪሎው በግ ይህ በኪሎ 8 ሚሊ ግራም ይሆንበታል። በጉ ሊንቀጠቀጥ፣ ከዚያም ልቡ ሊቆም ይችላል። 6.25 ሚሊ ሊትር ቁስሉን ለመክበብ አልበቃ ካለ መፍትሔው መድኃኒቱን ንጹሕ በሆነ የጨው ውሃ አቅጥኖ ወደ 1% ማውረድ ነው። የፈሳሹ ብዛት ወደ 12.5 ሚሊ ሊትር ሲያድግ የመድኃኒቱ መጠን ግን 125 ሚሊ ግራም እንደሆነ ይቆያል።

የእንስሳው ዘርም ከክብደቱ ባልተናነሰ ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን የተሠራው ዛይላዚን የተባለ ማረጋጊያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከብት ለዚህ መድኃኒት ካለው ስሱነት የተነሣ የሚያስፈልገው ለፈረስ ከሚሰጠው መጠን አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። መድኃኒቱ በሁለት ዓይነት ጥንካሬ፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 20 እና 100 ሚሊ ግራም ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ጠርሙሶቹን ያምታታ ሰው አምስት እጥፍ ይሳሳታል።

አራተኛ፦ የከፍታ ነገር

እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። የሚቀጥለው ግን ለእኛ ለደገኞች የተለየ ትርጉም አለው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72% ያህል ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም እዚህም 21% ቢሆንም፣ ግፊቱ ስለሚቀንስ የኦክስጅን ከፊል ግፊት ከ160 ወደ 115 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ዝቅ ይላል። የአገሩ እንስሳት ለዚህ ተላምደዋል። ነገር ግን በማደንዘዣ ጊዜ አተነፋፈስ ሲዘገይ የሚቀራቸው መጠባበቂያ በቆላ ካለው ያነሰ ነው። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ ሐኪም የድድን ቀለምና የደረትን እንቅስቃሴ ሳያቋርጥ መከታተል አለበት። የደጋው ብርድም ይጨመርበታል። የተደነዘዘ እንስሳ አይንቀጠቀጥም፤ ሙቀቱን መጠበቅም አይችልም። ትንሽ ውሻ በሲሚንቶ ወለል ላይ ከተኛ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ሰውነትም ማደንዘዣውን ቶሎ አያስወግድም። ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ እዚህ ላይ እንደ መድኃኒት ይቆጠራሉ።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ በውሃ መፍላት ላይ የሚታይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ብቻ ነው። በባሕር ዳር በ94፣ በደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገይበት ምክንያት ይኸው ነው። እሳቱ ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከ91 አያልፍም። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ በተራ ድስት ሲቀቀልም እንዲሁ ነው። 91 ዲግሪ ብዙ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን ስፖሮች ግን አይገድልም። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ስፖር በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ከኮላሹ በኋላ በዚህ በሽታ የሚሞቱ ፈረሶችና አህዮች ጠንቃቸው ብዙውን ጊዜ ከቁስሉ የገባ ይህ ስፖር ነው።

ስፖርን ለመግደል በእንፋሎት ማምከኛ፣ ማለትም በአውቶክሌቭ፣ 121 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ይህን ሙቀት ለማግኘት በባሕር ወለል የማምከኛው መለኪያ ከውጭው አየር በላይ 103 ኪሎ ፓስካል ማሳየት ሲኖርበት፣ በደብረ ታቦር ግን 132 ኪሎ ፓስካል ያህል ማሳየት አለበት። የጎደለውን የውጭ አየር ግፊት ማሽኑ ራሱ መሙላት አለበትና ነው። ለባሕር ወለል የተጻፈውን መመሪያ ብቻ የተከተለ ባለሙያ መሣሪያው ሳይመክን መክኗል ብሎ ሊያምን ይችላል።

በዚሁ አጋጣሚ በደራ ወረዳ ስለሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ አንድ ቃል እንበል። ብዙ ሰው ፈውስ ፈልጎ ወደ ወንዛዬ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ውሃ ከምድር ሞቆ መውጣቱ ብቻውን ከተሕዋስያን ነጻ አያደርገውም፤ ሙቀት ወዳድ ተሕዋስያንም አሉ። የተሰፋ ቁስል በፍል ውሃም ሆነ በወንዝ ውሃ መነከር የለበትም።

አምስተኛ፦ ቆዳን ማጽዳት

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ቁስል የሚመግለው በረቂቃን ተሕዋስያን መሆኑን ተረድቶ በካርቦሊክ አሲድ መከላከል እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፣ ቆዳን ማጽዳት የቀዶ ሕክምና አካል ሆኗል። በመጀመሪያ ፀጉሩ ወይም ጸጉር ለበሱ ሱፍ በሰፊው ይላጫል። ቀጥሎም በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ እድፍ ባለበት መድኃኒት አይሠራምና። በመጨረሻ አልኮልና አዮዲን ይቀባል። ቅባቱ ከመሐል ተነሥቶ እየከበበ ወደ ዳር ይሄዳል እንጂ፣ ከዳር ወደ መሐል አይመለስም። አልኮሉም 70% ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ የጠነከረ አልኮል የተሕዋሱን ውጫዊ ፕሮቲን በፍጥነት ያረጋዋል፤ ወደ ውስጥ ለመዝለቅም የሚረዳው ውሃ ያንሰዋል።

የባለቤቱ ድርሻ

ከላይ የዘረዘርነው አብዛኛው የሐኪሙ ሥራ ነው። ነገር ግን ግማሹን ውጤት የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ከቀጠሮው በፊት እንስሳው የወሰደውን መድኃኒት፣ የተከተበበትን ጊዜ፣ ማርገዟን ወይም አለማርገዟን ለሐኪሙ መንገር ይገባል። በዋዜማው ውሻው አስሮ ማደር አለበት፤ ካልታሰረ ባለቤቱ ባይሰጠው እንኳ ከጎረቤት ቆሻሻ ፈልጎ ይበላል። በተለይ ከበዓል ማግሥት ይህ አይቀሬ ነው። ከሕክምናው በኋላ በደንብ እስኪነቃ ድረስ ምግብ አይሰጠውም፤ በሚሞቅና ደረቅ በሆነ ቦታም ይቆያል። ቁስሉን እንዳይልስም ይጠበቃል።

በመጨረሻም ዝግጅቱን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ፣ ከሁሉም የሚሻል አንድ ዝግጅት አለ። እሱም ቢላዋ እንዳያስፈልግ ማድረግ ነው። አዙሪት የሚመጣው ከውሻ የኮሶ ትል ነው። ውሻው በአዙሪት የታመመውን በግ አንጎል ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ግጦሹን ይበክላል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ስለዚህ የታረደ በግ ጭንቅላት ለውሻ ከመወርወር ይልቅ ቢቀበር ወይም ቢቃጠል፣ ውሻውም በየጊዜው የትል መድኃኒት ቢሰጠው፣ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ላስቲክና ሽቦም በየሜዳው ባይጣል ስንት ላም ሽንጧ ሳይከፈት በኖረች ነበር።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ እኒያ አባት እንመለስ። «በልቷል» ቢሉ ኖሮ ምን ይደርስባቸው ነበር? ሐኪሙ ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት ወይም ወደ ነገ ያዛውረው ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም። ሐኪሙ ሙቀትን በቴርሞሜትር፣ ክብደትንም በሚዛን ይለካል። ውሻው ቁርስ መብላቱን የሚያውቀው ግን ከባለቤቱ አንደበት ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ስሌትና ማምከኛ መካከል፣ የአንድ እንስሳ ሕይወት በአንድ እውነተኛ ቃል ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችል አንባቢ ልብ ቢል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተሳካ ማለት ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ላም ለ24 ሰዓት ብትጾምም ጨጓራዋ ባዶ አይሆንም። ታዲያ መጾሟ ምን ይጠቅማል?
2. 18 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ፍየል፣ በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ሳያልፍ፣ ከ2% ሊዶኬይን ቢበዛ ስንት ሚሊ ሊትር ይሰጣል?
3. የክሊኒክ መሣሪያዎችን በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር በተራ ድስት መቀቀል ልዩነት ያለው ለምንድን ነው? ሁለቱም በቂ የማይሆኑትስ ለምንድን ነው?